ሶኬት ነቃይዋ እትየ ዙበይዳ

እትየ ዙበይዳ መሞቷን ስሰማ መርሳ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ወልድያ ባለው አዲሱ የቢሮ ኮምፒውተሬ በኢንተርኔት እየሠራሁ ነበር። የደወለልኝ ካሳው ነው፤ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ። «እትየ ዙበይዳ አረፈች። ቀብሩ ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው» አለኝ።  ላፕቶፔ ላይ የቢሮው ኮምፒውተር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በመጀመሪያው ሙከራ ነበር የገባልኝ። ደሜ ፈላ። እሷ ቢሮ እያለች አንድም ቀን እንዲህ በቀላሉ ገብቶልኝ አያውቅማ!

ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚመጣው እንባ ነው ይላሉ። እኔን የመጣብኝ ንዴት ነው፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። በማን እንደምናደድ ደግሞ በደንብ አውቃለሁ።

የእኛ መሥሪያ ቤት ሥራው የመስኖ ቦይ ነው። እኔ ዲዛይን እሠራለሁ፣ ሌላው ይለካል፣ ሌላው ያስቆፍራል። የምንሠራበት ዕቃ ግን፣ ከወንበሩ እስከ ኮምፒውተሩ፣ በእትየ ዙበይዳ ስም ነበር የተመዘገበው። ንብረት ክፍል ማለት እሷ ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን ሦስት ቢሮ ያቋርጣል። ቁልፎቿን ወገቧ ላይ አንጠልጥላ በኮሪደሩ ስትመጣ፣ ያጠፋም ያላጠፋም ወንበሩ ላይ ቀጥ ይላል። አንድ ስቴፕለር ለመውሰድ ታስፈርማለች፤ ስትመልስ ደግሞ ገልብጣ ገልብጣ ታየዋለች። «አማና ነው፤ አደራ» ትላለች። «መንግሥት ቢረሳው አላህ አይረሳውም።» ለስቴፕለር እኮ ነው! ለዛገ ስቴፕለር!

የወልድያን መብራት የሚያውቅ ያውቀዋል። መሄዱስ ይሂድ፤ ሲመጣ ነው ጉዱ። አንዳንዴ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይመጣና ያገኘውን አቃጥሎ ያርፋል። አጠገባችን ያለ መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ንብረት ክፍላቸው ዓመት ሙሉ ሲጉላላ እትየ ዙበይዳ አይታለች። ከዚያ ወዲህ የራሷን ሕግ አወጣች። መብራት በሄደ ቁጥር ከክፍል ክፍል እየዞረች ሶኬት ትነቅላለች። ከአሮጌ የቢሮ መጋረጃ የሰፋችላቸውን ልብስ ኮምፒውተሮቹን ታለብሳለች። መብራቱ መጥቶ እስኪረጋ ድረስ ማንም መልሶ እንዲሰካ አትፈቅድም። ወደ ቤት ስንገባም እንዲሁ ነው፤ አንድም ነገር ተሰክቶ አያድርም። «ኧረ እትየ ዙበይዳ፣ ሥራ አለብን» ስንላት፣ «ሥራ ነገም ይሠራል። የተቃጠለ ግን ተመልሶ ጥሬ አይሆንም» ትላለች።

ጡረታ ልትወጣ ወራት ነበር የቀራት። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ለሰማውም ላልሰማውም ትናገረዋለች። «ነጭ ሆኜ ልውጣ። አንድ ዕቃ ሳይጎድልብኝ፣ አንድ ክፉ ነገር ሳይጻፍብኝ። ከዚያ ወዲያ አላህ በፈለገው ቀን ይውሰደኝ።»

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው እኔ የተሰበርኩት። ከመርሳ መናኸሪያ ወደ ቤቴ የምትወስደኝ ባጃጅ ተገለበጠችና እግሬ ጄሶ ውስጥ ገባ። በዚያ እግር መርሳና ወልድያ መመላለስ የማይታሰብ ነው። እጄ ላይ ደግሞ የግራና ቦይ ዲዛይን አለ። የግራና ገበሬዎች ውሃው ማሳቸው ሥር እያለፈ በቆሏቸው ይደርቃል፤ ስንት ዓመት ደጅ ጠንተዋል። ዲዛይኑ የሚሠራበት ፕሮግራም የተፈቀደው ለቢሮው ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ የእኔ ላፕቶፕ ጎታታ ስለሆነ ቢፈቀድለትም አይችለውም። ካሳው ቤቴ ድረስ መጥቶ አስተካከለልኝ። «አንቺ እዚህ ሆነሽ በኢንተርኔት የቢሮውን ኮምፒውተር ታዥዋለሽ። ሥራው የሚሠራው እዚያ ነው፤ ላፕቶፕሽ ማሳያ ብቻ ነው» አለኝ። ቁጥርና የይለፍ ቃል ሰጠኝና ሄደ።

በመጀመሪያው ቀን ጥቂት እንደሠራሁ ድርግም አለ። «ግንኙነቱ ተቋርጧል።» የእኔ ኢንተርኔት ይሆናል ብዬ አጥፍቼ አበራሁ። እምቢ። የይለፍ ቃሉን ደግሜ ጻፍኩ። እምቢ። ላፕቶፑን ራሱን አጥፍቼ አስነሳሁት። እምቢ አለ! ካሳው ሐራ ለሥራ ሄዶ ስልኩ አይሠራም። ቢቸግረኝ ለእትየ ዙበይዳ ደወልኩ።

«እትየ ዙበይዳ፣ እስቲ የእኔን ኮምፒውተር እይልኝ። በርቷል?»

«አልበራም። ነቅየዋለሁ።»

«መብራት ሄደ እንዴ?»

«መብራትማ አለ። ሌባ ገብቶበት ነው።»

«የምን ሌባ?»

«ቆሜ እያየሁት ቀስቱ ብቻውን ይሄዳል። መስመር ያሰምራል፣ መልሶ ያጠፋል። ወንበሩ ላይ ሰው የለም። መጀመሪያ ጅን ነው ብዬ አዑዙ ቢላህ አልኩ። ኋላ ሳስበው፣ ጅን ቦይ ምን ያደርግለታል? ሌባ ነው አልኩና ነቀልኩት።»

«እትየ ዙበይዳ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«አንች መርሳ ነሽ።»

«ከመርሳ ሆኜ ነው የምሠራው! ካሳው አልነገረሽም?»

«ካሳው ይንገረኝ አይንገረኝ፣ በስሜ በተመዘገበ ዕቃ ላይ ፊትሽን ሳላየው እንዴት ትገቢያለሽ? ስትገቢ ደውይ። ስትወጭ ደውይ። ሰላም ማለት ምን ያደክምሻል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በርቀት ወደ ቢሮዬ ስገባ በሯን አንኳኩቼ እንደምገባ ሰው ሆንኩ። «ገባሁ፣ እትየ ዙበይዳ።» «ግቢ።» «ወጣሁ።» «በሰላም።» በንዴት ልፈነዳ!

የባሰው ግን መብራቱ ነው። ካሳው ከሐራ ሲመለስ ኮምፒውተሩን መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሳ አደረገው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለዚያ ሶኬቱ እንደተሰካ መቆየት አለበት። እትየ ዙበይዳ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር መጀመሪያ የምትነቅለው የእኔን ነው፤ ሰው የሌለበት ነዋ። ስደውል፣ «ገና አልረጋም» ትለኛለች። ቆይቼ ስደውል፣ «አምፖሉ ይርገበገባል፤ ታገሽ» ትላለች። እኔ እዚህ ከጄሶዬ ጋር ተቀምጬ፣ ካሳው ስለ ኔትወርክ ሲያብራራልኝ፣ ነገሩ ሁሉ አንዲት ሴትዮ እጅ ላይ ነው ያለው። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ጮህኩባት። «አንቺ ሴትዮ፣ ከሥራዬ ልታፈናቅይኝ ነው እንዴ! ለአንድ ቆርቆሮ እንዲህ የምትሆኚ፣ ለሰው አታዝኚም?» አልኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በማግስቱ የሚኒባስ ረዳት በራችን ላይ ቆሞ ይጣራል። ከወልድያ የተላከ በሶ ነው፤ በቅቤ የታሸ፣ በእትየ ዙበይዳ መርፌ በተሰፋ ከረጢት የመጣ። ከበሶው ጋር የተላከው መልእክት ይኼ ነው፦ «ምላስሽ ደህና ነው፤ እግርሽ ይዳን።»

ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ መሳቄ አናደደኝ። ከዚያ በኋላ ግን ነገራችን ተለወጠ። መብራት ሲሄድ ትነቅላለች፤ ረጋ ሲል ከሁሉ በፊት የእኔን ትሰካለች፣ ታስነሳዋለች፣ ትደውልልኛለች። «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ተነስቶልሻል» ትለኛለች። እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆነን የግራናን ቦይ ሠራን ብል ውሸት አይደለም። አንዳንዴ ማሳያው ላይ ያለውን አይታ፣ «ይኼ መስመር ዛሬ ረዘመ፤ ማን ማሳ ደረሰ?» ብላ ትጠይቀኛለች።

አሁን ወደ ኃላፊያችን ልምጣ። ስሙን አልጠራውም፤ ስሙ ሲጠራ ደስ ይለዋል። ዲዛይኑ መቼ ክልል መድረስ እንዳለበት የሚናገረው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ከርሞ፣ በኢድ ዋዜማ ሐሙስ ዕለት ነው ብድግ ብሎ የነገረን። ሰኞ ጠዋት ካልደረሰ በጀቱ ለሌላ ወረዳ ይሰጣል! ኢድ ዓርብ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ የሚሰካም የሚነቅልም ሰው የለም። እኔ ደግሞ የምሠራው ሥራ አለኝ።

ኃላፊው ክፍሌ ገብቶ ኮምፒውተሬ አጠገብ ቆመ፤ ካሳውና እትየ ዙበይዳም ነበሩ። እኔ በካሳው ስልክ ላይ፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ፣ መርሳ ሆኜ አዳምጣለሁ።

«ወይዘሮ ዙበይዳ፣ ይኼ ሶኬት እስከ ሰኞ አይነቀልም» አለ።

«ጌታዬ፣ መብራቱን ያውቁታል። ሦስት ቀን ሙሉ ተሰክቶ? ቢቃጠልስ?»

«ይተዉት እልዎታለሁ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው።»

 ያቺ ለስቴፕለር የምታስፈርም ሴት፣ ወረቀት አምጡ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ «መልካም። ቃልዎ ይበቃኛል። ቃልም አማና ነው» አለችው። ድምፅዋን አሁንም እሰማዋለሁ። ቆይታ ደግሞ ለእኔ፣ «አብሽሪ፣ ግራና ውሃ ይገባል» አለችኝ።

በእነዚያ ቀናት መብራቱ ሄደ መጣ፤ ኮምፒውተሩም ካሳው እንዳለው በራሱ እየተነሳ ጠበቀኝ። እሑድ ከሰዓት ዲዛይኑን ጨርሼ ላክሁት። ደረሰ። ከዚያ ቀሪ ፋይሎችን በየቦታቸው ሳስቀምጥ ማሳያው ደረቀና ጠፋ። መብራት ሄዶ ነው ብዬ ተውኩት። ሰኞ ጠዋት እትየ ዙበይዳ ደወለች። የምታወራበት ድምፅ የእሷ አልመሰለኝም።

«ክፍልሽ የተቃጠለ ይሸታል» አለች።

የግራና ዲዛይን ጸደቀ። ቦዩም ኋላ ተቆፈረ፤ ሲመረቅ ኃላፊው ሪባን ቆርጦ ተጨበጨበለት። የተቃጠለውን ኮምፒውተር በተመለከተ ደግሞ ለእትየ ዙበይዳ ወዲያው ከኃላፊው ደብዳቤ ደረሳት። «በቸልተኝነት የመንግሥት ንብረት እንዲበላሽ በማድረግዎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል።» ቸልተኝነት! ያቺ ሴት ቸልተኛ!

በክራንች ወልድያ ድረስ ሄጄ ኃላፊው ቢሮ ገባሁበት። «ኃላፊነቱ የእኔ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኩት።

«በጽሑፍ አለ?»

«በጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

«በመንግሥት ሥራ በቃል የተባለ ነገር አይታወቅም። ደግሞ አንቺ መርሳ ነበርሽ፤ እዚህ የሆነውን በምን ታውቂያለሽ?»

ከርቀት እየሠራሁ ዲዛይኑን ሲጠብቅ ርቀቱ አልታየውም፤ ምስክር ስሆን ነው መርሳ የራቀችው። ካሳውን ጠራሁት። ካሳው የኮንትራት ሠራተኛ ነው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «በደንብ አላስታውስም» አለ።  ሁለቱንም እዚያው ልክ ልካቸውን ነግሬያቸው ብወጣ ደስ ባለኝ፤ ጩኸቴን ሰምታ የገባችው እትየ ዙበይዳ ናት ክንዴን ይዛ ያስወጣችኝ። እሷ አልጮኸችም። ሦስት ቢሮ የሚያቋርጠው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «ቸልተኛ» አለች ቀስ ብላ፣ ደረጃውን ስንወርድ። የሌላ አገር ቃል እንደሰማ ሰው ደጋገመችው።

በዚያው ማስጠንቀቂያ ጡረታ ወጣች። ነጭ ሆና አይደለም።

አንድ ጊዜ ቤቷ ሄጄ እየተጫወትን ሳለ መብራት ሄደ። ብድግ ብላ የፍሪጁን ሶኬት ነቀለች፤ የቴሌቪዥኑን ነቀለች፤ ዳንቴሉን አለበሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እንዲህ እያደረግሁ ነው እንግዲህ ቸልተኛ የሆንኩት» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ደብዳቤው እንዲነሳላት ኃላፊውን ስንት ጊዜ ለመንኩት! በመጨረሻ፣ «ጡረታ ወጥታለች እኮ፤ ቢነሳ ባይነሳ ምን ይጠቅማታል?» ነው ያለኝ። የገደላት ደም ብዛት ነው አሉ። እኔ የሚመስለኝን እኔ አውቃለሁ።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ሸህ ሁሴን፣ የሠፈሯ ትልቅ ሰው፣ ዱዓ አድርገው እንደጨረሱ ኃላፊያችን ተነሳ። መሥሪያ ቤቱን ወክሎ ይናገራል። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እናታችን ወይዘሮ ዙበይዳ ታማኝ፣ ጠንቃቃ ሠራተኛ ነበሩ። በዚያ ሁሉ የአገልግሎት ዘመናቸው በእጃቸው አንድም ንብረት ጠፍቶ፣ አንድም ንብረት ተበላሽቶ አያውቅም።»

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው! ከመቀመጫዬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«እስቲ ድገመው!» አልኩ። አንተ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። «ድገመው! ጠንቃቃ ነበረች አልክ? ቸልተኛ ብለህ የጻፍክባት እጅህ ይኼ አይደለም እንዴ?»

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። «ምነው ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ነው» አሉኝ በአጠገቤ ያሉት። ኃላፊው፣ «ሐዘን ነው፤ ስሜታዊ ሆናለች» እያለ ሊቀመጥ ሲል ሸህ ሁሴን ከዘራቸውን አነሱ።

«ተዉአት፣ ትናገር። ምንድን ነው ነገሩ ልጄ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሶኬቱን፣ ኢዱን፣ ቃሉን፣ ደብዳቤውን። እያለቀስኩ ነበር፤ ግን የንዴት ለቅሶ ነው። ስጨርስ ድንኳኑ ውስጥ ካሳው ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እውነቷን ነው። ኃላፊነቱ የእኔ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ። አሁን! አሁን ነው የምታስታውሰው! ልለው ፈልጌ ነበር፤ ዋጥኩት።

ሸህ ሁሴን ወደ ኃላፊው ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አንቱ ሰው፣ ለሟች የሰጡትን ምስክርነት ጀመዓው፣ ይህ ሁሉ ሰው፣ ሰምቷል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወይ አሁን እዚሁ ተነስተው ‹የተናገርኩት ውሸት ነው› ይበሉን፤ ወይ የተናገሩትን በማኅተም ጽፈው ለልጇ ያምጡላት።»

ኃላፊው ዙሪያውን አየ። የሚያየው ሁሉ ያየዋል። «ይጻፋል» አለ። በሦስተኛው ቀን አመጣው። ልጇ ሐያት እዚያው ድንኳን ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ «ማስጠንቀቂያው የተሰጠው በስህተት በመሆኑ ተነሥቷል» ይላል። ሰዉ «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔን ግን ይበልጥ አንገበገበኝ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የፈጀበት። በሕይወት እያለች ይኼ ሦስት ቀን የት ነበር?

አሁን እግሬ ድኗል፤ አንዳንድ ቀን ከመርሳ እሠራለሁ፣ አንዳንድ ቀን ወልድያ እገባለሁ። ባለፈው ሳምንት ቢሮ እያለሁ መብራት ሄደ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ተቀመጠ። እኔ ኮሪደሩን አዳምጣለሁ፤ የቁልፍ ድምፅ የለም። ማንም አልመጣም። ተነሳሁና የእኔን ነቀልኩ። ከዚያ የጎረቤቴን፣ ከዚያ የካሳውን፤ ካሳው ወንበሩን ሳብ አድርጎ መንገድ ለቀቀልኝ። በየክፍሉ እየዞርኩ ነቅዬ ነቅዬ መጨረሻ ላይ የኃላፊው ቢሮ ደረስኩ። አላንኳኳሁም። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ስል፣ «ምን እያደረግሽ ነው? አሁን ይመጣል እኮ፣ ተይው! ኃላፊነቱን እኔ...» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት።

«በጽሑፍ አለ?» አልኩት።

ነቀልኩት።